ከቅዳሜ ገበያ ድስት ሲገዙ፦ የቀለጠ አሉሚኒየም፣ ስቴንለስ እና የወለቃ ሸክላ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ድስት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ስንት ሰው ያበላል፣ ክዳኑ ይገጥማል ወይ፣ የመጨረሻው ስንት ነው። ከምን ተሠራ የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። ይህ ግምገማ የተጻፈው ስለዚያ ጥያቄ ነው። ጎን ለጎን ተደርድረው ከሚሸጡት ድስቶች አንዱ ዓይነት ወደ ወጡ እርሳስ ሊለቅ ይችላል፤ እርሳስ፣ ያ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ከባድ ብረት፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ የልጅን አንጎል ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ትንሽ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ለወጥ፣ ለሾርባና ለአጥሚት የሚገዛው ስቴንለስ ድስት ነው። ለሽሮና ለክክ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ወለቃ የሚመጣ፣ ቀለም ያልተቀባ ሸክላ ይበቃል፣ ጣዕሙም ይበልጣል። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራውን አሉሚኒየም ድስት ለምግብ አንመክርም፤ ለገላና ለልብስ ውሃ ማፍያ ይሁን።

የቀለጠው አሉሚኒየም ድስት

ይህ ድስት የሚጀምረው ከቁራሌው ጆንያ ነው። በየሰፈሩ ተለቃቅሞ የመጣው ብረት በኪሎ ይመዘናል፣ አሉሚኒየም የሚመስለው ተለይቶ ወደ ማቅለጫው ይሄዳል። የሞተር ፒስተን፣ የመስኮት ፍሬም፣ የመኪና ራዲያተር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተበሳ ድስት አንድ ላይ ይገባሉ። ከሰሉ በወናፍ ወይም በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይነድዳል፣ የቀለጠው በአሸዋ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፣ ሲበርድ በሞረድ ይስተካከላል። ሙያው ከባድ ነው፤ የሚሠሩትም ሰዎች እጃቸው የተባ ነው። ችግሩ ያለው ጆንያው ውስጥ ነው።

የድሮ ራዲያተር ብዙ ጊዜ የተበየደው እርሳስ ባለበት ቅይጥ ነው። የጎማ ማመዛዘኛ ክብደት እርሳስ ሊሆን ይችላል። የባትሪ ጫፍ እርሳስ ነው። በናስ የተሠሩ የቧንቧ ዕቃዎች ብዙዎቹ ለመቆረጥ እንዲመቹ ሲባል እርሳስ ይጨመርባቸዋል። ያረጀ የበርና የመስኮት ቀለምም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዲት ቁራጭ ሳትለይ ብታልፍ እሳቱ አያጠራትም። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርሳስ ግን በ327 ዲግሪ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ለመፍላት ደግሞ ከ1,700 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚያው ይቀራል። ከቀለጠ በኋላም በአሉሚኒየም ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ በጥቃቅን ጠብታ ይበተናል፣ ከባድ ስለሆነም ወደ ታች ይዘቅጣል። በአንድ ቀን ከአንድ ማቅለጫ የወጡ ሁለት ድስቶች የእርሳስ መጠናቸው የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤት «እኔ ለዓመታት የገዛሁት ከእሱ ነው፣ ምንም አልሆንኩም» ብትል ስለ እርስዎ ድስት የሚነግርዎት ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ሕንድንና ቬትናምን ጨምሮ ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ 42 ማብሰያዎችን ፈትሿል። ፈታኞቹ ኮምጣጤን የሚመስል ደካማ አሲድ አፈሉባቸው። ከዕቃዎቹ ሲሶው ያህል ለጤና የሚያሰጋ እርሳስ ለቀቀ። ኢትዮጵያ ከ10ሩ መካከል አልነበረችም፤ የቁርጥራጩ ዓይነትና የማቅለጫው አሠራር ግን ያው ነው።

አሲዱን በከንቱ አልመረጡትም። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ከላዩ ቀጭን መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን ጎምዛዛ ነገር ሲያገኘው ይሟሟል፣ ብዙ አመድ ወይም ሶዳ ሲያገኘውም እንዲሁ። የእኛ ምግብ ደግሞ ጎምዛዛ ይወዳል። ቲማቲም የገባበት ስልስ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ጎመን፣ እንጀራ ተፈትፍቶበት እንደገና የሚሞቅ ወጥ፣ ድልህ፣ ሁሉም ሽፋኑን ይበሉታል። ጨው ሲጨመርበት ይብሳል። ጊዜውም ይረዝማል፤ ሽንኩርት ቁሌቱ ብቻ ሰዓት ይፈጃል። ከሁሉ የከፋው ግን ወጡ በዚያው ድስት ውስጥ ሲያድር ነው፤ እሳቱ ቢጠፋም አሲዱ ሌሊቱን ሙሉ ሥራውን አያቆምም።

ስለ አጣጣቡ አንድ ነገር። ድስት በአመድና በሽቦ ተፈትጎ እንደ መስታወት ሲያበራ የቤት እመቤትን ያስመሰግናል። ለአሉሚኒየም ድስት ግን ይህ ጉዳት ነው። አመዱ ሽፋኑን ያሟሟዋል፣ ሽቦው ይልጠዋል፣ በማግስቱ የሚሠራው ወጥ የሚያገኘው ራቁቱን ብረት ነው። የተፈተገ ድስት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ጥቁር ግራጫ ቀለም የሚለቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ድስት ትተው ሌላ እስኪገዙ ድረስ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ብቻ ይጠቡት፣ ውስጡ ሲጠቁር ጥቁረቱን አይፋቁት። ጥቁረቱ የሚለቀቀውን አሉሚኒየም ይቀንሳል፤ እርሳሱን ግን ያግዳል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ገበያ ላይ እንዴት ይለያል? ድስቱን ወደ ብርሃን አውጥተው ገልብጡት። በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ ድስት ቂጡ ላይ የአሸዋው ሻካራ ቆዳ ይታያል፣ መሐሉ አካባቢም ብረቱ የገባበት ቦታ ተቆርጦ በሞረድ የተላገ ክብ ጠባሳ አለ። ከንፈሩን በሁለት ጣት ይዘው ዙሪያውን ይሂዱበት፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። ውስጡ እንደ መርፌ ጫፍ የሆኑ ቀዳዳዎች አሉት። ጆሮው ብዙ ጊዜ ከድስቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ ነው። ከፋብሪካ በማሽን ተጨፍልቆ የወጣ አሉሚኒየም ግን ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ነው፣ ጆሮው በሚስማር የተያዘ ነው። የሚሠራበትም ዝርግ ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ ከታወቀ ቅይጥ ስለሆነ የእርሳስ ሥጋቱ ያነሰ ነው፤ አሉሚኒየም መልቀቁ ግን አይቀርም። በዓይን አይቶ፣ አንኳኩቶ ወይም አሽትቶ እርሳስ አለው የለውም ማለት ፈጽሞ አይቻልም። በቤት ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስን ለማወቅ የሚሸጡት፣ እርሳስ ሲነኩ ቀይ ወይም ሮዝ የሚሆኑት መፈተሻዎችም ለድስት አያገለግሉም፤ በብረቱ ውስጥ የተቀበረውን እርሳስ አያዩትም፣ «ንጹሕ ነው» ብለው ያዘናጋሉ።

«አሉሚኒየም መርሳት ያመጣል» የሚለው ወሬ በከተማው ብዙ ስለሚነገር እሱንም እንመልስ። አሉሚኒየም አንጎልን መጉዳቱ በግልጽ የታየው ኩላሊታቸው የደከመ፣ በማሽን ደማቸው የሚታጠብ ሕሙማን ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለእጥበቱ በዋለው ውሃ ውስጥ የነበረው አሉሚኒየም ንግግራቸውንና አእምሯቸውን አዛብቶ ነበር። ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው የገባበትን አብዛኛውን ያስወጣል፤ በድስት አሉሚኒየምና በአልዛይመር በሽታ መካከል ያለው ግንኙነት አልተረጋገጠም። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ያለበት ቤት ግን ከማንኛውም ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም ድስት ቢርቅ ይሻላል። የእኛ ዋና ሥጋት ከአሉሚኒየሙ ጋር ተደብቆ የሚመጣው እርሳስ ነው።

እርሳሱ አንጎል ሲደርስ

ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ለካልሲየም የተከፈተው መንገድ ለእርሳስም ይከፈታል፤ አንጀት ላይ፣ አጥንት ላይ፣ ደምን ከአንጎል በሚለየው ግርዶሽ ላይም። አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው ጥቂቱ ነው፣ ከአሥር እጅ አንዱ ያህል። ትንሽ ልጅ ግን እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ይመጥጣል። ከአንድ ድስት፣ ከአንድ ትሪ የበሉ አባትና ልጅ እኩል አይመረዙም።

የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው፤ ኬሚካሉ የሚለቀቀው ደግሞ ካልሲየም ሲገባ ነው። እርሳስ በካልሲየም ቦታ ሲቀመጥ መልእክቱ በማይፈለግበት ሰዓት ይንጠባጠባል፣ በሚፈለግበት ሰዓት ያንሳል። ከዚያም ግሉታሜት የሚባለውን መልእክት የሚቀበለውን፣ ኤንኤምዲኤ የተባለውን በር ይዘጋል። ይህ በር የሚከፈተው አንድ ነገር ሲደጋገም ነው፤ ሲከፈት በሁለቱ ሴሎች መካከል ያለውን ግንኙነት ያጠነክራል። ሀሁ የሚቆጥር ልጅ ትናንት የያዘውን ፊደል ዛሬ ሲጠየቅ የሚያገኘው በዚህ ነው። እርሳስ ያለበት ልጅ ደጋግሞ ሰምቶም ሊጠፋበት ይችላል።

ዶፓሚንም ይናጋል። ዶፓሚን አንድን ነገር ተከታትሎ ለመጨረስ፣ ተራ ለመጠበቅ፣ እጅን ለመሰብሰብ የሚያስፈልግ ኬሚካል ነው። በዚህ ላይ ሰውነት ለደም የሚያስፈልገውን ሄም የሚሠራበት አላድ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ እርሳስ ከውስጡ ዚንኩን ያባርርና ያቆመዋል። ኢንዛይሙ ሳይሠራበት የቀረው ጥሬ ዕቃ በደም ይጠራቀማል። ይህ ጥሬ ዕቃ ጋባ ከሚባለው፣ አንጎልን ከሚያረጋጋው መልእክት ጋር ስለሚመሳሰል የማረጋጋቱን ሥራ ያዛባል።

ውጤቱ በጠባይ ይታያል። ልጁ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል፣ የተላከበትን ግማሽ መንገድ ላይ ይረሳል፣ ሳያስብ ይመታል፣ በትንሽ ነገር ያለቅሳል ወይም ይቆጣል፣ ንባብ ይከብደዋል። ቤት ውስጥ ባለጌ ይባላል፣ ትምህርት ቤት ሰነፍ። ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ደሙ ውስጥ ያለውን እርሳስ አይነካውም። እርግጥ ነው እነዚህ ጠባዮች ሁሉ ሌላ ምክንያት አላቸው፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ረኀብ፣ የጆሮ ሕመም፣ የቤት ጭንቀት። እርሳስ ነው ብሎ በጠባይ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የሚለየው የደም ምርመራ ነው። አዋቂ ላይ ደግሞ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ቶሎ መናደድ፣ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት፣ የደም ግፊት ሆኖ ይመጣል።

ብዙ ሰው ጥቂት እርሳስ ጥቂት ይጎዳል ብሎ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰባት የልጆች ክትትል ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ያሳየው ሌላ ነው። የልጁ የደም እርሳስ በዴሲ ሊትር (በአንድ አሥረኛ ሊትር ደም) ከ2.4 ወደ 10 ማይክሮግራም ሲወጣ የአእምሮ ብቃት መለኪያው በ3.9 ነጥብ ገደማ ቀነሰ፤ ከ10 ወደ 20 ሲወጣ የቀነሰው ግን 1.9 ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማይክሮግራሞች ከኋለኞቹ ይበልጥ ይጎዳሉ ማለት ነው። «ትንሽ ነው፣ ምንም አይልም» የሚባልበት መጠን እስካሁን አልተገኘም። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ቀደም ሲል ለምግብ አስቀምጠውት የነበረውን ሳምንታዊ የእርሳስ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2010 የሰረዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ደም ውስጥ የገባው እርሳስ በወር አካባቢ በግማሽ ይቀንሳል፤ አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስታረግዝና ስታጠባ ለልጁ አጥንት የሚሆን ካልሲየም ከራሷ አጥንት ይወጣል፣ እርሳሱም አብሮ ይወጣል። በልጅነቷ የበላችበት ድስት ልጇ ላይ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ስቴንለስ

ለወጥ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው። ሲገዙ ከሥሩ የታተመውን ይፈልጉ፤ 18/8፣ 18/10 ወይም 304 የሚል። የመጀመሪያው ቁጥር የክሮሚየሙ፣ ሁለተኛው የኒኬሉ መቶኛ ነው። ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ የድሮ የስፒከር ማግኔት ይበቃል። 304 ግድግዳው ላይ ማግኔት አይይዝም ወይም በጣም በደካማ ይይዛል። ኒኬል የሌለው 18/0 ወይም 430 የሚባለው ጠንክሮ ይይዛል፤ እርሱም ለምግብ ደህና ነው፣ በጨው ቶሎ መዛጉ ብቻ ነው ጉድለቱ። ቂጡ ማግኔት መያዙ አያሳስብ፤ ኢንዳክሽን ለሚባለው፣ በማግኔት ኃይል ለሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲባል ሌላ ብረት ይለበጥበታል። አሉሚኒየምም ማግኔት አይይዝም፤ በዚህ እንዳይታለሉ በክብደት ይለዩ። ስቴንለስ በተመሳሳይ መጠን ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል።

ርካሹ ስቴንለስ አብዛኛውን ጊዜ 201 የሚባለው ነው። ኒኬል ውድ ስለሆነ ከፊሉ በማንጋኒዝ ተተክቶበታል፤ ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ ማንጋኒዝ አለው። ማንጋኒዝ በብዛት አንጎል ሲገባ እንቅስቃሴን በሚመራው ክፍል ይቀመጥና ዶፓሚንን ያዛባል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አረማመድ ይደነድናል፣ ጠባይ ይለወጣል። ነገር ግን ይህ የሚደርሰው በዋነኛነት ጭሱን ለዓመታት በሚተነፍሱ በያጆችና የማዕድን ሠራተኞች ላይ ነው። በምግብ የገባውን ማንጋኒዝ አንጀትና ጉበት ይቆጣጠሩታል። ስለዚህ አቅም ካነሰ 201 ድስት ከቀለጠ አሉሚኒየም እጅግ ይሻላል፤ ጎምዛዛ ነገር እንዳያሳድሩበት ብቻ። አዘዞም ሆነ ፒያሳ በር ሲበይድ የሚውል ወንድም ካለዎት ግን ያለ ጭንብል በዝግ ክፍል እንዳይበይድ ይንገሩት፤ የእሱ ሥጋት ከድስቱ በብዙ ይበልጣል።

የስቴንለስ ጉድለት ቂጡ ከሳሳ ሽንኩርት ማሳረሩ ነው። ቂጡ ወፍራም፣ በሁለት ወይም በሦስት ንብርብር የተሠራውን ይምረጡ። ድርቅ አድርገው ሲያቁላሉ እሳቱን ዝቅ አድርገው ውሃ ጠብ ጠብ ያድርጉበት። አዲሱን ድስት መጀመሪያ ውሃና ሎሚ አፍልተው ይድፉት፤ ከማሽን የቀረ ቅባትና ዱቄት ይወጣል።

የወለቃ ሸክላ

ከከተማው በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ በሸክላዋ ዛሬም ትታወቃለች። የማብሰያው ሸክላ የሚያብረቀርቅ የመስታወት ቅብ የለውም። በሌላው ዓለም ሸክላ እርሳስ የሚለቀው በዚያ ቅብ ምክንያት ስለሆነ የእኛው ሸክላ ከዚህ ነፃ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ለሽሮ፣ ለክክ፣ ለባቄላ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይሰጣል፣ ከእሳት ወርዶም ይፈላል።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይለዩ። ለጎብኚ የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ ወይም ቫርኒሽ የመሰለ ነገር ያለው ዕቃ ለጌጥ ነው፤ ቡናም ወጥም አይገባበትም። የማብሰያውን ደግሞ «እሜቴ፣ በምን አጠቆሩት?» ብለው ሠሪዋን ይጠይቁ። በጭስ፣ በገለባ፣ በጎመን ዘር ከሆነ ይግዙ። በተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም በጫማ ቀለም ከሆነ ይተዉት። ከዚያ በጣት አንኳኩተው ይስሙ፤ የጠራ ድምፅ ካለው አልተሰነጠቀም፣ የታፈነ ድምፅ ካለው ስንጥቅ አለበት።

አዲሱን ሸክላ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፣ በማግስቱ ውስጡን ዘይት ወይም የተፈጨ ጎመን ዘር ቀብተው በቀስታ ከሰል ላይ ያሙቁት። በሳሙና አይጠቡት፤ ሸክላው ይመጠዋል። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፣ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ምድጃ ጥቅል ላይ አይጣዱት፤ አንድ ቦታ ብቻ ስለሚግል ይሰነጠቃል። ዶሮ ወጥ ለብዙ ሰው ለመሥራት አይመችም፣ ትልቁ ሸክላ ከባድና ተሰባሪ ነው።

የኢናሜል ዕቃ፣ ያ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው፣ ውስጡ ካልተላጠ ጥሩ ነው። ከተላጠ ወይም ውስጡ ቀይና ቢጫ ሥዕል ካለበት ምግብ አያስገቡበት። ላዩ የተቀባ የማይጣበቅ መጥበሻም ከተፋቀ በኋላ ዋጋ የለውም።

ሁሉንም ድስት በአንድ ጊዜ መለወጥ ለብዙ ቤት አይቻልም። ከተቻለው ይጀመር፤ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ስቴንለስ ድስት ለልጁ አጥሚትና ገንፎ። ቀጥሎ ለቀይ ወጥ የሚሆን መካከለኛ። የሚያድር ምግብ ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ብርጭቆ፣ ወደ ስቴንለስ ወይም ወደ ሸክላ ዕቃ ይገልበጥ፤ ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጥቅሙም ትልቅ ነው። ልጁ ባዶ ሆዱን አይዋል፤ እርሳስ በባዶ ሆድ ይበልጥ ይመጠጣል። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅም እንዲሁ ይበልጥ ይመጥጣል። ጤፍ፣ ጎመን፣ ወተት፣ ምስር ይስጡት። በጾም ወተት በማይገባበት ቤት የመተማ ሰሊጥ ካልሲየሙን ይሸፍናል፤ ያልተፈተገ ሰሊጥ በ100 ግራም ከ900 ሚሊግራም በላይ አለው።

ድስቱን ለውጠው ሌላውን እንዳይረሱ። የተፈጨ እርድ ከመግዛት ሥሩን ገዝተው ያስፈጩ። በባንግላዴሽ ነጋዴዎች እርዱን ቢጫ ለማድረግ ሊድ ክሮሜት የሚባል የእርሳስ ቀለም ሲቀቡት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥጥር ተጀመረ፤ በገበያው ከተፈተሸው 47 በመቶው ተበክሎ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዜሮ ወረደ። ኩልም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ኩል ራሱ የተፈጨ የእርሳስ ማዕድን ነው፣ ሕፃን ዓይኑን በእጁ አሽቶ እጁን ይልሳል። ፊት የሚያነጣ ክሬም ደግሞ ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላል። ጽሑፉ ላይ ካሎሜል ወይም ሜርኩሪክ የሚል ካለ፣ ወይም «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» ካለ፣ ያ ክሬም ወደ ቤት አይግባ። ሜርኩሪ እንቅልፍ ይነሣል፣ ፍርሃት ያሳድራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል፤ የተቀባችው እናት ያቀፈችውንም ልጅ ይነካል።

ልጁ ተነክቷል ብለው ከጠረጠሩ ሐኪሙን በስሙ ይጠይቁት፤ የደም እርሳስ ምርመራ። በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም፤ ናሙናው ወዴት እንደሚላክ አስቀድሞ ይነጋገሩ። ከጣት የሚወሰድ ደም እጁ በሳሙና ካልታጠበ በቆዳ ላይ ባለ እርሳስ ይሳሳታል፤ ከፍ ያለ ውጤት ከደም ሥር በተወሰደ ደም ይረጋገጥ። የፀጉር ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ውጤቱ በዴሲ ሊትር 5 ማይክሮግራምና በላይ ሲሆን ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። እርሳስን ከደም የሚያወጣው መድኃኒት ለልጅ የሚታዘዘው በአብዛኛው 45 ሲደርስ ነው። ምንጩ ቤት ውስጥ እያለ መድኃኒቱን መስጠት አይረዳም። «መርዝ ያጸዳል» እየተባለ የሚሸጥ ቅጠልም ሆነ እንክብል ይህን ሥራ አይሠራም።

ለአቅላጮቹም የምንለው አለን፤ ድስታቸው ሊሻሻል ይችላልና። ከጆንያው የባትሪ ጫፍን፣ የጎማ ክብደትን፣ ራዲያተርን፣ ናስንና ቀለም የተቀባውን አውጥቶ ለድስት የሚሆነውን ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከንጹሕ ዝርግ አሉሚኒየም ብቻ ማቅለጥ የእርሳሱን ሥጋት በብዙ ይቀንሰዋል። ፒስተንና የሞተር ክፍል ለምድጃ፣ ለበር እጀታ፣ ለወንበር እግር ይዋል። ከማቅለጫው ሥር የሚቀረውን ዝቃጭ ለሚቀጥለው ድስት አይጨምሩት። ሲገዙ «ይህ ከምን ቀለጠ?» ብሎ መጠየቅ፣ ለይቶ ለሚሠራው ትንሽ ጨምሮ መክፈል ተገቢ ነው። እሳቱ አጠገብ የሚውለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የራሱን ልጆች ይጠብቅ። ማቅለጫው ከቤት ግቢ ይራቅ፣ እጅና ፊት ከምሳ በፊት በሳሙና ይታጠብ፣ ጫማው ከደጅ ይቅር፣ የሥራ ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ።